በእጄ ያልኩት በግ

ልጄን ዝም በይ ብያት አላውቅም ነበር። ሌሎች እናቶች በቀን አሥር ጊዜ የሚሉትን ቃል እኔ ለአሥራ አንድ ዓመት ከአፌ አላወጣሁትም። ቅዳሴ ላይ ስታወራ እንኳ ክንዷን ነካ አደርጋታለሁ እንጂ ቃሉን አልጠራውም። ምክንያቱን የምናውቀው እኔና አባቷ ብቻ ነን።

ስድስት ዓመቷ ላይ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት ድምጿን ይዞት ሄደ። ሐኪሞቹ ጉሮሮዋን አዩ፣ ጆሮዋን አዩ፣ ጠብቁ አሉን። ውኃ ስትፈልግ ጣቷን ወደ ጆጉ ትቀስራለች፤ ስታለቅስ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። በስምንተኛው ቀን፣ ከጠዳ ወጣ ብላ ወዳለችው ክርስትና ወደተነሣሁባት ማርያም ፊቴን አዙሬ፣ «ድምጿን መልሽልኝ፤ በግ በእጄ አመጣልሻለሁ» አልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ልጄ፣ «እማ፣ ሽንቴ መጣ» አለች። እንደዚያ ያለ ሸጋ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ አፏ አልተዘጋም። ስለቱ ግን ሳይገባ ቆየ። አንዱን ዓመት እናቴን አስታመምኩ፣ አንዱን ዓመት መንገድ ተዘጋ፣ አንዱን ዓመት ገዝተን ያሰርነው በግ ሞተብን፣ ሌላውን ዓመት እኔው ፈርቼ ቀረሁ። ስለት ሲዘገይ እንደኔ ያለች ሰው ሰላም የላትም። ልጅቱ በሳለች ቁጥር ድምጿ ተመልሶ ሊሄድ ነው እያልኩ ጆሮዬን አቆማለሁ።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ድምጿ ሻከረ። ከታቦት ጋር ስትዘምር ሰንብታ ነው፤ የከተማው ወጣት ግማሹ እንደዚያው ነበር። እኔ ግን እንደዚያ ማሰብ አልቻልኩም።

«በጉ ለጥር ማርያም ይግባ» አልኩት ባሌን።

«ይግባ። ወንድሜ ወደዚያው ይሄዳል፤ እሱ ያድርስልሽ።»

«በእጄ ነው ያልኩት።»

«ምነው፣ የእሱ እጅ እጅ አይደለም? አንች ማኪና ላይ ገና ሳትወጭ የሚያጥወለውልሽ ሰው!»

እውነቱን ነው።

በዚያው ሰሞን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰባኪው ስለ ኦሪት መሥዋዕት አስተማሩ። እኔ እስከዚያ ቀን የኦሪት ሰው በጉን ለካህኑ አስረክቦ ዘወር የሚል ይመስለኝ ነበር፤ እኛ ጧፍና ዕጣን ሰጥተን ከመጋረጃው ወዲህ እንደምንቆመው። ሰባኪው እንዳሉት ግን እንዲያ አይደለም። በጉን ያመጣው ሰውዬ ራሱ እጁን ይጭንበታል፣ ራሱ ያርደዋል፣ ራሱ ይገፈዋል፣ ይበልተዋል። ካህኑ ደሙንና እሳቱን ነው የሚይዘው። ከዚያ ሰባኪው ይህ ሁሉ የክርስቶስ ምሳሌ ነው ብለው ወደ ወንጌሉ ተሻገሩ። እኔ ግን እዚያው በጉ ዘንድ ቀረሁ።

ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ረጅም ሲሆን መስመር ይጠፋብኛል። ቤት እንደገባን ለልጄ ለብ ያለ ውኃ በማር በጥብጬ ሰጠሁና ያንን ቦታ እንድታነብልኝ ለመንኳት። በሻከረ ድምጿ ጀመረች።

«ቆይ» አልኳት። «እጁን ያስቀምጣል ነው የሚለው ወይስ ይጭናል?»

«ይጭናል።»

«እንደ አህያ ጭነት?»

«አንች ደግሞ እማ! መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አህያ ታመጫለሽ?»

እኔ ግን ያደግሁት ገጠር ነው፤ ጭነት አውቃለሁ። ነካ ማድረግ መጫን አይባልም። ሲጫንባት አህያዋ ወገቧ ሰበር ይላል፤ የሚጭነውም ሰው ያምጣል። ታዲያ ሰውዬው በጉ ራስ ላይ በደንብ ተደግፎ ነበር ማለት ነው? ምኑን ነው የሚጭነው? ይህን እያሰብኩ ልጄ ንባቧን ቀጥላ የሆድ ዕቃውና እግሮቹ በውኃ ይታጠባሉ ወደሚለው ደረሰች።

«ማነው የሚያጥበው?» አልኳት።

«ሰውዬው ነዋ።»

«ባለ በጉ? ወንዱ?»

ልጄ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ዞረ። ሁለታችንም ወደ አባቷ ዞርን። ከተጋባን ጀምሮ የበግ ጨጓራ ሳጥብ አንድ ቀን ውኃ አቀብሎኝ አያውቅም።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለ። «እኔ በኦሪት ዘመን አልተወለድኩም።»

ከዚያ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። በግ ያመጣች ሴትስ? በእኛ አገር ሴት አታርድም። አንድ ፋሲካ ባሌ መንገድ ላይ ቀርቶ ዶሮዬን ታቅፌ በር ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን ወንድ ስለምን አርፍጃለሁ። ስለዚህ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩና መስቀል ተሳልሜ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ በኦሪት ጊዜ የሴት በግ ሲሆን ማን ያርድላት ነበር?»

«ምነው ልጄ፣ ቢላ ልትስይ አስበሻል እንዴ?»

«ኧረ በማርያም! እንዲያው ለማወቅ ነው።»

ጺማቸውን እየዳበሱ አሰቡ። «የወለደች ሴት ጠቦቷን ይዛ እስከ ድንኳኑ ደጃፍ ትመጣ ነበር። ማን እንዳረደላት ግን ሲጻፍ አላየሁም።»

«እጇንስ ትጭን ነበር?»

«እሱንም አላየሁም።»

«ወንዱስ እጁን ሲጭን ምን ይል ነበር? ጸሎቱ ምንድን ነው?»

አሁን ፈገግ አሉ። «እዚያ ቦታ ላይ ይህን በል አይልም። ይጭናል ነው፤ አበቃ።»

ይህ ገረመኝ። የገበታ ጸሎት እንኳ ስንት ቃል አለው፤ ያን ያህል ነገር ዝም ብሎ? በመጨረሻ የመጣሁበትን አወጣሁት። በእጄ ብዬ የተሳልኩትን በሰው እጅ ብልከውስ?

«እመቤታችን በቃል አትይዝሽም» አሉ። «አንች ግን ራስሽን ትይዣለሽ፤ አውቅሻለሁ። ይልቅ ለማጥወልወሉ ሎሚ ያዥና ሂጅ።»

ለጥር ማርያም ሎሚዬን እያሸተትኩ ከባሌና ከልጄ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በጉ እግሩ ታስሮ ከኋላ ነው፤ ገመዱን በወንበሮቹ መካከል አሳልፌ ይዤዋለሁ። ጠዳ ላይ ወርደን አንድ ሰዓት በእግር ስንሄድ ባሌ ሦስት ጊዜ «አምጭው» አለኝ፤ ሦስት ጊዜ እምቢ አልኩ። ስንደርስ ገመዱ መዳፌን ልጦታል።

ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ስለት የሚቀበል ሰው ቆሟል። ከጀርባው አጥር ውስጥ የበግ መዓት አለ። «ማርያም ትቀበልሽ» ብሎ ገመዱን ሊወስድ እጁን ዘረጋ።

«ቆየኝማ ወንድሜ» አልኩትና መዳፌን ከበጉ ቀንዶች መካከል አሳረፍኩ። መጀመሪያ እንደ መዳበስ ነበር። ከዚያ ያ ቃል ትዝ አለኝና ተጫንኩት። በጉ ራሱን ዝቅ አደረገ። ይተኛል ስል እግሮቹን ተከለና ወደ ላይ ገፋኝ። ይህን ማንም አልነገረኝም። የጫንኩበት ነገር መልሶ ይገፋኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ምነው እቴ፣ ስቡን ነው የምትዳብሽው?» አለ ሰውዬው። «ስብ ያለው ወገቡ ላይ ነው፤ ራሱ ላይ ምን ልታገኝ!»

በአጠገባችን ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቄ መጣ። ለእመቤታችን የምለው የአሥራ አንድ ዓመት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ማዘግየቴ፣ ስለ መፍራቴ፣ ስለ ሞተው በግ። አንዱም አልወጣ አለ። አባ «ይህን በል አይልም» ያሉት ትዝ ሲለኝ ቃል መፈለጉን ተውኩት። ዝም ብዬ ተጫንኩ።

ከዚያ ከእጄ ጎን ሌላ እጅ አረፈ። ልጄ ናት። ከቤት ከወጣን ስታወራ የነበረችው ልጅ ዝም ብላለች። ድምጿ ሄደ አልኩ። ቀና ብዬ ሳያት ጥርሷን ነክሳ በጉን ባላት ጉልበት እየተጫነች ነው።

«ይገፋል እማ!» አለች በዚያ በሻከረ ድምጿ። «እውነትም ይገፋል!»

ገመዱን ለሰውዬው ሰጠሁት።

ቀኑ ፍስክ ስለዋለ ከስለት በጎቹ ጥቂቶቹ ለድግሱ ይታረዱ ነበር። የእኛንም ባሌ እንዲያርደው ጠየቅን፤ ፈቀዱልን። ባርኮ አረደ፣ ገፈፈ። የሆድ ዕቃውን በሳፋ ይዤ ወደ ምንጩ ወረድኩና ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ማጠብ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ባሌ መጥቶ ከላዬ ቆመ። አንዴ ወደ ጨጓራው፣ አንዴ ወደ ሴቶቹ አየ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበና ከአጠገቤ የነበረውን የውኃ ጆግ አነሣ።

«ወዲህ ገልብጭው፤ ላፍስስልሽ።»

«እልል!» አለች አንዷ። «እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል? ለኔም ለአንድ ቀን አውሽኝ!»

«ለስለቱ ነው» አለ ባሌ፣ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ። «እንዳትለምጅው።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ልጄ ከመሐላችን ተቀምጣ ስለ በጉ፣ ስለ ሰውዬው፣ ስለ አባቷ እጅጌ አንድ በአንድ እንደገና ታወራለች። ድምጿ አሁንም እንደሻከረ ነው። ሳለች፤ ቀጠለች፤ ደግማ ሳለች። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ ነበር።

«ልጄ፣ እስኪ ትንሽ ዝም በይ» አልኳት። «ጉሮሮሽ ይረፍ።»

ባሌ በልጅቱ ራስ ላይ አሻግሮ አየኝ። ምን እንዳልኩ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሎሚው ከእጄ ወድቆ ወንበር ሥር ገባ፤ ጎንበስ ብዬም አልፈለግሁት።

ልጄ እስከ አዘዞ ዝም አለች። ከአዘዞ በኋላ ቀጠለች።