«ማን ፈቀደ» የሚለው ሳጥን

ሲስተሞች እርስ በርስ ይነጋገራሉ የሚባለው ውሸት ነው። አይነጋገሩም። መነጋገር ውስጥ መጠየቅ አለ፣ መከራከር አለ፣ አንዳንዴም «እስቲ ቆይ፣ ይሄ ነገር አልገባኝም» ማለት አለ። ሲስተሞች የሚያደርጉት ሐሜት ነው። አንዱ የሰማውን ለሌላው ያቀብላል፤ ተቀባዩም ሳያጣራ አምኖ ለሦስተኛው ያስተላልፋል። ሐሜት ደግሞ ካዛንቺስ ውስጥ ያለ ማንም እርዳታ ስንሠራው የኖርነው ሥራ ስለሆነ፣ ለዚሁ ብለን ሶፍትዌር መግዛታችን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የገዛንበትን ምክንያት ግን አውቀዋለሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው «ለሥራ ቅልጥፍና» የሚል ነው። እውነተኛው ምክንያት ይሉኝታ ነበር።

ነገሩ የሆነው በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ደብዳቤና የሥራ አስኪያጁን ንግግር መጻፍ ነው። እንግሊዝኛ ያነባል ተብዬ አዲሱን ሲስተም የሚያስገባው ኮሚቴ ውስጥ ተጨመርኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ የሰው ኃይል ኃላፊያችን ነበሩ፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው። በራቸው ላይ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። አንዱ ለሠርግ ፈቃድ ይላል፣ አንዱ ለክርስትና፣ አንዱ ቧንቧ ፈነዳብኝ ይላል። ጋሼ እምቢ ማለት አይችሉም። የእናታቸው ቀብር ላይ አፈር ያለበሰን ሰው እንዴት አድርገው እምቢ ይበሉት?

ከመስቀል ፍላወር የመጣው የሶፍትዌር ባለሙያ የፈቃድ ጥያቄ ከእንግዲህ በስልክ ተሞልቶ ሲስተሙ ውስጥ እንደሚገባ ሲያስረዳ ጋሼ አቋረጡት።

«ማለት፣ እኔ ጋ አይመጡም?»

«አይመጡም ጋሼ። ሲስተሙ ራሱ ይፈቅዳል፣ ራሱ ይከለክላል።»

«ሲስተሙ ራሱ ይከለክላል?»

«አዎ።»

«ተባረክ!»

ከዚያ ማገናኘቱ ተጀመረ። መግቢያው ላይ የጣት አሻራ ማሽን አለ። ዋናው የሰው ኃይል ሶፍትዌር ክላውድ ላይ፣ ማለትም ውጭ አገር ባለ የሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። ፋይናንስ ክፍል ደመወዝ የሚሠራው ፔሮል አለ፤ የበሩ ካርድም አለ። አራቱ ተያያዙ። ያለ ፈቃድ በተከታታይ የቀረ ሰው ጣቱ ማሽኑ ላይ አለማረፉን ማሽኑ ለዋናው ሶፍትዌር ይነግራል፤ ሶፍትዌሩ ያሰናብተዋል፤ ፔሮሉ ደመወዙን ያቆማል፤ በሩ ይዘጋበታል። ባለሙያው በምናብ የፈጠረውን ሠራተኛ እያሰናበተ አሳየን። አጨበጨብን።

የሐዘን ፈቃድ ለማን ሞት እንደሚሰጥ ሲወሰን አባት፣ እናት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት ተባለ። የፋይናንስ ኃላፊዋ ሳቀች። «ወንድም የሚለውን አጥብቃችሁ ያዙት! አንዱ ሹፌራችን ወንድም እየቀበረ የክፍለ ከተማውን ወንድ ሊጨርስ ነው።»

«አሳዳጊስ?» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ነገር ማወሳሰብ ትወዳለህ። አሳዳጊ ከገባማ በቃ፣ ጎረቤት ሁሉ አሳዳጊ ነው።»

አሳዳጊ ሳይገባ ቀረ።

ዓመት ሳይሞላ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ ማሳወቂያ፣ የምታዘጋጀው ባልደረባችን አክስቷ ሞተችባት። ልጅቷ ድርጅቱ ሁለት ክፍል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የነበረች ናት። አክስቷ ከሰሜን በሕፃንነቷ አምጥታ ቡልጋሪያ ሰፈር ያሳደገቻት፣ እሷም እማዬ ብላ የምትጠራት ሴት ነች። ወላጅ እናቷ አገር ቤት የሞተችው ሲስተሙ ከመምጣቱ በፊት ነበር፤ ያኔ የወሰደችው ፈቃድ ግን ከድሮው ፋይል ተገልብጦ ገብቷል። አጠገቧ የሚሠራው ልጅ እሷን ወክሎ ፈቃዱን ሊሞላላት ሞከረ። «እናት» ብሎ ሲያስገባ ሲስተሙ መለሰበት።

«እናትሽ ሞተው አልቀዋል ይላል» አለን ዞር ብሎ። «ሁለተኛ አይሞቱም።»

«ተወው» አለችው አንዷ። «ስትመለስ ጋሼ ያስተካክሉታል።»

ተወው። ሁላችንም በሰርቪስ መኪና ቡልጋሪያ ወረድን። ድንኳኑ ከጋራዦቹ ኋላ ተተክሏል። የድርጅታችን ዘበኛ የዚያው ዕድር አባል ስለነበር ወንበር እያቀረበ ያስተናግደናል። ጋሼ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጡና ትከሻዋን ይዘው፣ «ሥራውን እርሺው ልጄ» አሏት። «እኛ አለን።» ከልባቸው ነበር። ደጋግመውም ሄደዋል፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። እኛ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ስንቆረጥም፣ ሲስተሙ ቢሮ ሆኖ የቀረችበትን ይቆጥራል። ለወትሮው የሚያድነን የኔትወርክ መጥፋት ነበር። በዚያን ሰሞን ኔትወርኩ እንደ ተሳለ ቢላ ሠራ።

የተመለሰች ዕለት ጠዋት ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች መግቢያው ላይ አገኘኋት። ካርዷን ታስነካለች፤ በሩ ቀይ ያበራል።

«ክፈትልኝ እንጂ» አለችው ዘበኛውን።

«እህቴ፣ ስምሽ ወጥቷል።»

«ከምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሲስተሙ ነው።»

«ትናንት ድንኳኑን ያፈረስከው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ። ድንኳኑን እኔ አፈረስኩ፣ በሩን ግን እኔ አልዘጋሁም።»

ጋሼ ተጠርተው ወረዱ። ነገሩ ሲነገራቸው መጀመሪያ ያሉት፣ «እኔ አላባረርኩሽም» ነው። ልክ ናቸው። ማንም አላባረራትም። እዚያ መግቢያው አዳራሽ ውስጥ የቆምነው በሙሉ ለቅሶ ደርሰናታል፤ ያባረራት አንድም ሰው የለም። ሥራዋ ግን ሄዷል።

ባለሙያው ጋ ተደወለ። ጋሼ ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ላውድ ላይ አደረጉት።

«መመለስ ይቻላል ጋሼ። «ማን ፈቀደ» የሚል ሳጥን አለ፤ ስም ይፈልጋል።»

«ኮሚቴው ብለህ ሙላው።»

«ኮሚቴ አይቀበልም። የአንድ ሰው ሙሉ ስም ነው።»

«እንደ አዲስ ብንቀጥራትስ?»

«ያገለገለችው ዘመን ይጠፋል።»

«አዲስ አይደለሁም» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

ጋሼ ወደ እሷ ዞሩ። «ነገሩን እዪው እስቲ ልጄ። ነገ ሌላው መጥቶ፣ ለእሷ ፈቅደው ለእኔስ? ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? አሁን እፎይ አልኩ ስል…»

«ጋሼ፣ ድንኳኑ ውስጥ «እኛ አለን» ብለውኝ ነበር።»

«ብያለሁ።»

«እኛ ያሉት ማንን ነው? አንድ ስም ብቻ ይንገሩኝ።»

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ጋሼ የእንግዳ ተቀባይዋን ኮምፒውተር ወደ ራሳቸው አዞሩና መነጽራቸውን አውጥተው በአንድ ጣት ሳጥኑ ውስጥ መጻፍ ጀመሩ፤ የራሳቸውን ስም ከነአባትና ከነአያት። ቀጥሎ ምክንያት የሚል ሌላ ሳጥን መጣ። «እናቷ ሞተችባት» ብለው ጻፉ። ሲስተሙ አልተከራከረም፤ በስም ለመጣ ነገር መከራከሪያ የለውም። ካርዱን ስታስነካ በሩ አረንጓዴ አበራ። ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፤ ያልተሠራ ዲክላራሲዮን ተቆልሎ ጠብቋታል።

በማግስቱ በጋሼ በር ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው አየሁ። አንዱ ወንድም የሚጨርሰው ሹፌር ነው። ጋሼ በበሩ ክፍተት አይተውኝ፣ «አየህ? ጀመረ» አሉኝ።

«ደሞዝ የሚከፈልዎት ለዚህ አይደል?» አልኳቸው። ለሁለት ቀን አኮረፉኝ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ግን ለአንዱ ፈቀዱ፣ ለአንዱ ከለከሉ። ሹፌሩን ከለከሉት፤ እሱም ሰላምታ ነሳቸው፤ ጋሼ ግን በዚህ አልሞቱም።

ሲስተም ልብ የለውም እያላችሁ የምታማርሩትን እሰማለሁ። ልብ ነው ብሎ የሸጠላችሁ የለም። የገዛችሁት መደበቂያ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ነገ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ሳጥኑ እናንተ ፊት ሲከፈት፣ ብትፈቅዱም ብትከለክሉም፣ «ሲስተሙ ነው» አትበሉ። ስማችሁን ጻፉ።