ዝም ያልኩበት ክፍል

ሴንት ፖል ከተማ በማስተምርበት ክፍል ልጆቹ ከበረዶ ሲገቡ የሱፍ ጓንቶቻቸውን ማሞቂያው ላይ ይደረድሯቸዋል፤ ትንሽ ቆይቶ እርጥብ ሱፍ ሲሞቅ የሚሸተው፣ የበግና የውሻ ጠረን የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ ክፍሉን ሲሞላው፣ እኔ መምህርነቴ ቀርቶ የስምንት ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ያኔ ከደሴ መጥተን፣ እዚሁ ሴንት ፖል አቅራቢያ ባለችው ኮሎምቢያ ሃይትስ ከተማ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። አባዬ አገር ቤት መምህር ነበር፤ እዚህ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ይገፋል፤ ቢሆንም ከሥራ ሲመለስ ደብተሬን የሚያገላብጠው እንደ ድሮው ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ነው። ደብተሩ ባዶ ስለሆነ ግን የሚያርመው ነገር አያገኝም። መምህርቴ ሚስ ካረን፣ ሹራቧን ሁልጊዜ ቀለም የነካው ረጅም ሴት፣ ጠዋት ጠዋት የምንሠራውን ራሳችን እንድንመርጥ ትተወን ነበር፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው በሸክላ ጭቃ ይጫወታል፣ እኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም እሰማለሁ። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ በረዶው እስኪቆለል ድረስ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ከአፌ አልወጣም። ሚስ ካረን አልተቆጣችኝም፣ አልለመነችኝም፤ አንዳንዴ መጥታ አጠገቤ ትቀመጥና አብራኝ ውጭውን ታያለች።

አባዬ ይህን ሲሰማ ሌላ ትምህርት ቤት ሊያስገባኝ ወሰነ። ለወላጆች ቀን ሙሉ ልብሱን ከነክራቫቱ ለብሶ፣ ከሥር ግን ግዙፍ የበረዶ ቦት ተጫምቶ፣ ለልጆች በተሠራች ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀመጠ። የተቀጠረው አስተርጓሚ በበረዶው ምክንያት ቀረ። አባዬ እንግሊዝኛ ያውቃል፣ ሲናደድ ግን ይጠፋበታል፤ ሚስ ካረን ትናገራለች፣ እሱ በአማርኛ ይመልሳል፣ አይግባቡም። በመጨረሻ ካፖርቱን ይዞ ሲነሣ፣ ከዚያ ክፍል ልወጣ መሆኑ ገባኝና አፌን ከፈትኩ።

“አባቴ ለምን እንድናገር እንደማታደርጊኝ ማወቅ ይፈልጋል” አልኩ በእንግሊዝኛ።

ሚስ ካረን ድምፄን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኗ ረጠበ እንጂ አላጨበጨበችም፤ ለትልቅ ሰው እንደሚመለስ መለሰችልኝ፣ እኔም ለአባዬ በአማርኛ አቀበልኩት።

“መቼ እንደምትናገር የምትመርጠው ራሷ ናት፣ ማንነቷንም የምትሠራው ራሷ ናት፤ እስክትመርጥ እጠብቃታለሁ እያለች ነው።”

አባዬ ሊመልስ አፉን ከፈተና አየኝ፤ ማን ሲናገር እንደነበር የገባው ያኔ ነው። ካፖርቱን ጭኑ ላይ አድርጎ መልሶ ተቀመጠ።

በአውቶቡስ ስንመለስ አባዬ በመስኮቱ በረዶውን ሲያይ ቆየ። “እኔ ደሴ ሳስተምር ዝም ያለውን ልጅ አስነሥቼ ነበር የምገርፈው” አለ። “አንዱ ዛሬ ትዝ አለኝ።” ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ስለመቀየር አላነሣም።

ኮሌጅ ስገባ፣ ሰው ማንነቱን ራሱ መርጦ ይሠራል የሚለው የሚስ ካረን እምነት ኤግዚስቴንሺያሊዝም፣ ሂውማኒዝም የሚባሉ ከባድ ስሞች እንዳሉት ተማርኩ፤ ለፈተና አጠናኋቸው። ዛሬ እኔ ክፍል አዲስ የመጣ ልጅ ገና የጓደኞቹን ስም ሳይለይ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የእንግሊዝኛ ችሎታው ይለካል፤ ዝም ካለ ዝምታው ውጤት ሆኖ ይመዘገብበታል። የቻልኩትን ያህል እጠብቀዋለሁ፤ የመጠበቂያው ጊዜ ግን በየዓመቱ እያጠረ ነው። ሚስ ካረን ጡረታ ወጥታ ከከተማው ርቃለች። አባዬም አርፏል። አውቶቡስ ውስጥ ትዝ ያለው ያ የደሴ ልጅ ማን እንደነበረ፣ ጊዜ ቢሰጠው ምን ይናገር እንደነበር አባዬ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም፤ አሁን የልጁን ስም እንኳ የሚነግረኝ ሰው የለም።