ለድንጋይ ብቻ

ኩማ አዲስ እቃ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መፍታት ነበር። ጭሮ ከተማ ውስጥ መብራት ሲዘረጋና የወፍጮ ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ራዲዮም ይሁን ሶኬት፣ ዊንጮቹን ፈትቶ ሆዱን ሳያይ አያምንም። ይህን አመል ያስያዙት ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ባለ ቀስት ቴስተራቸውንም ለእሱ ትተውለት ሄዱ። ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኖር አለመኖሩን የሚለካው ያ ቴስተር እንደ ጡብ ይከብድ ነበር። ኩማ ብዙ ዓመት ሠራበት። በሚሌኒየሙ ማግስት ግን ኩማ ከገለምሶ ሲመለስ ቴስተሩ ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ ወደቀና ቀስቱ ታጥፎ ቀረ።

ሚስቱ ከበደች ልብስ ሰፊ ናት። ክረምቱን የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ከረመችና አንድ እሑድ ከቸርች መልስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ፍታው እንጂ፣ የፌኔት አባት።»

ቢጫ ዲጂታል ቴስተር ነበር። ፊቱ ላይ በትልቁ 1000 ቮልት ተብሎ ተጽፎበታል።

«ሂክማ ናት ከድሬዳዋ ለሱቋ ያስመጣችው። ቁጥሩን አየኸው? ያኛው ይሄን ያህል አልነበረውም።»

«አልነበረውም» አለ ኩማ።

እጁ ላይ ግን ባዶ የሳሙና መያዣ የያዘ ያህል ቀለለው። ወደ ጆሮው አስጠግቶ ሲነቀንቀው ውስጡ አንድ ነገር ተንኳኳ። መምረጫውን ሲያዞረው ቁጥሩ ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። የሚለካባቸው ቀይና ጥቁር ገመዶች ከራዲዮ ማዳመጫ ገመድ አይወፍሩም። እጁ ሳያስበው ወደ ዊንች መፍቻው ሄደ። ከበደች ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። መፍቻውን መልሶ አስቀመጠው። ሰው የሰጠውን ነገር ፊቱ ላይ በመፍቻ መመርመር እንደ ስድብ ሆነበት።

«ጌታ ይባርክሽ፣ ቆንጆ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲህ ቴስተሩን ከቦርሳው ባወጣ ቁጥር ሁለት ሐሳብ ይጣሉበት ጀመር። ይህ እቃ ከዋሸው ሕይወቱን ይዞበት ይሄዳል። አላምነውም ብሎ ቢተወው ደግሞ ከበደች ታዝናለች።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ሂርና የሚገኘው ወፍጮ ቆመና ባለቤቱ ሐጂ አብዱልቃዲር አስጠሩት። ሲደርስ የወፍጮ ቤቱ አምፖል ጠፍቷል። የሞተሩ ማብሪያ ማጥፊያ ተቃጥሎ ስለነበር ከላይ የሚገቡትን ሦስት መስመሮች መፍታት ያስፈልጋል።

«መብራት የለም፣ ዝም ብለህ ፍታው» አሉት ሐጂ። በእኛ አገር መብራት የሚባለው አምፖሉም ነው፣ በሽቦው የሚመጣውም ነው። ኦሮምኛውም ኢብሳ ሲል ሁለቱንም ማለቱ ነው።

ኩማ የቢጫውን ቴስተር ገመዶች መስመሮቹ ላይ አስነካ። ዜሮ አሳየ።

«ኩኖ!» አሉ ሐጂ በኦሮምኛ፣ ይኸውልህ ለማለት። «እቃህም የለም አለ። አሁን ደግሞ ምን ትጠብቃለህ? ደብዳቤ ይጻፍልህ?»

«አንድ ጊዜ ይታገሱኝ ሐጂ። ያለበት ቦታ ሄጄ ልሞክረው።»

«መብራት የለም ስልህ መብራት ፍለጋ ትወጣለህ? ያ ረቢ!»

አጠገባቸው ሻይ ቤት አለ፤ ቴፑ ይዘፍናል። ኩማ አስፈቅዶ ቴስተሩን ቴፑ የተሰካበት ሶኬት ላይ ሞከረው። እዚያም ዜሮ አለ። ቀዩን ገመድ ከመያዣው ሥር ጎበጥ ሲያደርገው ሁለት መቶ ሃያ ብሎ ብቅ አለ፤ ሲለቀው ተመልሶ ዜሮ ሆነ። ገመዱ ውስጥ ውስጡን ተበጥሷል።

ተመለሰና የሐጂን አምፖል ነቅሎ ሁለት ሽቦ አሰረለት። በሱ ሦስቱን መስመሮች በየተራ ሞከረ። አንደኛው ላይ አምፖሉ አልበራም። ሁለተኛው ላይ ቦግ አለ። ሦስተኛውም ላይ እንዲሁ። የጠፋው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ የወፍጮ ቤቱ አምፖልም በዚያው መስመር ይሠራ ኖሯል።

ኩማ ማሽላ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው? ፊትህ ዱቄት መሰለ» አሉት ሐጂ።

«ወፍጮ ቤት አይደል ያለሁት» አለ። ከዚያ ውጭ ቆጣሪው ላይ ሦስቱንም መስመር አጠፋና በአምፖሉ ደግሞ አረጋግጦ ሥራውን ጨረሰ።

ማታ ከበደች እራት እያቀረበች «እቃዬ እንዴት ሆነልህ?» አለችው።

«ደህና ነው።»

«ተመስገን! እኔም አንድ ሌላ ወስጃለሁ፣ ለተሻለ። ነገ በሚኒባስ እልክለታለሁ።»

ተሻለ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ገለምሶ ውስጥ ገና የኤሌክትሪክ ሥራ መጀመሩ ነው። ኩማ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።

«ከቤ፣ የተሰፋ ልብስ ስትገዢ ምኑን ነው የምታዪው?»

«ውስጡን ነዋ። ገልብጬ።»

«ነይ ይሄንን እንገልብጠው።»

ቢጫውን ቴስተር ስፌት መኪናዋ ላይ አድርጎ ፈታው። ሲነቀነቅ የሚንኳኳው ከመያዣው የወጣ ቀጭን የብርጭቆ ፊውዝ ነበር። ብዙ ኤሌክትሪክ በሚገባበት ቀዳዳ በኩልማ ከነጭራሹ ፊውዝ የለም፤ በፊውዙ ፋንታ ሽቦ ተበይዷል። ከበደች ቀዩን ገመድ በሁለት ጣቶቿ ሳብ ብታደርገው ላስቲኩ እንደ ካልሲ ወለቀ። ውስጡ ፀጉር የመሰሉ ጥቂት ክሮች ብቻ አሉ።

«ይሄ ቁልፍ እንኳ አይተከልበትም» አለች። «አንድ ሺህ የሚለውስ?»

«ላዩ ላይ ተጽፏል።»

ከዚያ የሂርናውን ነገራት፤ አልደበቃትም። ከበደች ክዳኑን ስፌት መኪናዋ ላይ አስቀመጠች።

«እና ደህና ነው አልከኝ?»

«እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

«ሞተህ ብትመጣ እስቅ ነበር? ሁለተኛ እንዲህ ያለ ደህና ነው እንዳልሰማ!» ጮኸችና አለቀሰች። እራቱም ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ለተሻለ የወሰደችውን ቴስተር ይዛ ሂክማ ሱቅ ሄደች፤ የተፈታውንም ይዛ ነበር፣ ሂክማ በዓይኗ እንድታየው። ሂክማ ለተሻለ የታሰበውን መልሳ ወሰደች፤ የቀሩትንም ከመደርደሪያው አወረደቻቸው። ቢጫው ግን አልተጣለም። ኩማ ገመዱን ቀየረለትና የእጅ ባትሪ ድንጋይ መለኪያ አደረገው፤ ድንጋይ ሰው አይገድልም። ከበደች ከዩኒፎርም ቁራጭ ማኅደር ሰፋችለት፣ ላዩ ላይም በቀይ ክር «ለድንጋይ ብቻ» ብላ ጠለፈችበት። ደንበኞች «ኩማ፣ ድንጋይ መመዘን ጀመርክ?» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ሂክማ ገመዱ ወፍራም የሆነ ሌላ ቴስተር ያስመጣችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ኩማ ሳጥኑን ገና ከመክፈቱ ከበደች ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ መጣች። እቃውን ተቀበለችው፣ መዘነችው፣ ጆሮዋ ላይ ነቀነቀችው። ከዚያ ገለበጠችና እጇን ዘረጋች።

«መፍቻውን አቀብለኝ።»