የምባኒክ ልብ በማን ተራ ይሮጣል?

ያንዴ ንጎም ሰው አታምንም። በምቡር ከተማ የባሕር ዳርቻ ዕድሜ ልኳን የደረቀ ዓሣ ስትሸጥ የኖረች ሴት ማንን ታምናለች? ነጋዴው ከላይ ደህና ደህናውን ደርድሮ ከሥር ትል የበላውን ይሸጥላታል። ስለዚህ ሳትከፍል በፊት እጇን እስከ ቅርጫቱ ግርጌ ትሰዳለች። በሰውም ላይ ያው ናት። ባሏ ምባኒክ ሁለተኛ ሚስት ያገባ ዕለት ሌላው ሲጨፍር፣ እሷ የሙሽሪትን ዓይን ዓይን ስታይ ዋለች።

ጣውንቷ ሶዳ ዝምተኛ ናት። ተሳዳቢ ብትሆን ያንዴ መላውን ታውቅበት ነበር። የማይመልስን ሰው ግን ምን ይሉታል? እንዲህ አንገቷን ደፍታ አንድ ቀን ጉድ ትሠራኛለች እያለች ዓመታት አለፉ።

ምባኒክ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሁለት ቀን ያንዴ ቤት፣ ሁለት ቀን ሶዳ ቤት እንደ ተራው ያድራል። አንድ ቀን የልቡ ምት ከመጠን በላይ ዘግይቶ ስፌት መኪናው ላይ ሲደፋ ዳካር ወሰዱትና ከደረቱ ቆዳ ሥር የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ አስገቡለት። ዳነ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ለክትትል ይቀጠራል፤ ነርሷ ሲስተር ኦሚ ደረቱ ላይ ማንበቢያ አስቀምጣ መሣሪያው ከነቀኑ የመዘገበውን የልብ ምት ታያለች። ባለፈው ቀጠሮ ፊቷ ጠቆር አለ። ልቡ አልፎ አልፎ ያለ ልክ ይሮጣል፣ በዚሁ ከቀጠለ ደም ረግቶ ጭንቅላቱ ላይ ሊወጣበትና ሊገድለው ይችላል አለች። ምክንያቱን ገና አላውቅም አለች።

ያንዴ ግን እዚያው አወቀችው። ሶዳ ናት። ሌላ ማን ይሆናል? እዚያ ቤት ምን እንደሚያበሉት ማን አይቶ? ወዲያው መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄዳ መራራ ሥር የተዘፈዘፈበት ውሃ አመጣች። ከጣውንቷ ድግምት እንዲጠብቀው በራሷ ተራ ጠዋት ጠዋት ታጠጣው ጀመር። ምባኒክ ፊቱን አጨማዶ ይጠጣል፤ ከንዝንዝ ምሬት ይሻለዋል።

ለዚህኛው ቀጠሮ ሶዳንም ይዛት ሄደች፤ ጉዷ ሰው ፊት እንዲወጣ። «አንቺም ሚስቱ ነሽ፣ ነይ ስሚ» አለቻት በለሰለሰ አፍ።

ሲስተር ኦሚ አነበበች። ልቡ ከበፊቱ ብሶበት ደጋግሞ ሮጧል፣ ሁሉም ጠዋት ላይ ነው። ያንዴ ይህን ስትጠብቅ ነበርና ቀኖቹ አንድ በአንድ ይጠሩልን አለች። እሷ ቀን የምትይዘው በቁጥር አይደለም፤ በድግስና በዓሣ ነው። የመጀመሪያው ሲጠራ የጎረቤቷ ልጅ ስም የወጣለት ዕለት እንደሆነ አወቀችው።

«ያን ቀን እሷ ዘንድ ነበር» አለች ጣቷን ቀስራ።

ሶዳ ቀና አላለችም። «እኔ ዘንድ አልነበረም፣ እትዬ። ከድግሱ ሩዝ ስትልኪልኝ፣ 'ምባኒክ ደክሞት ተኝቷል' ብለሽ አስነገርሽኝ።»

እውነት ነው፣ ልካለች። ሁለተኛው ቀን ጀልባዎቹ ሰርዲን ጭነው የገቡ ዕለት ነበር፤ ምባኒክ ቁርሱን ያንዴ ቤት በልቶ ቅርጫት ሊያነሳላት ሲል ላብ አጥምቆት ተቀምጦ ነበር። ሦስተኛው ሲጠራ ያንዴ የቀሰረችውን ጣቷን ሰበሰበች። ነርሷ ቀጠለች፣ ያንዴም በልቧ አስታወሰች፤ አንዱም ሶዳ ቤት አልዋለም። ነርሷና ሶዳ ተዛምደው ይሆን ብላ በነርሷ ደረት ላይ የተለጠፈውን ስም እስከ አባት አየች። አልተዛመዱም።

«እናቴ» አለቻት ነርሷ፣ «እርስዎ ቤት ጠዋት ምን ይጠጣል?»

ምባኒክ ጫማውን ያያል። የሚጠጣውን ያውቃል። ያንዴ መዋሸት ትችል ነበር፤ በገበያ ከዚህ የባሰ ዋሽታለች። ግን አሁን የምትቀጥፈው በባሏ ነፍስ ላይ ሊሆን ነው።

«መድኃኒት» አለች። «ከሶዳ የሚጠብቀውን።»

ነርሷ አልተቆጣችም። ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፣ ጠርሙሱንም አምጡልኝ፣ ልቡን የሚያስሮጠው እሱ መሆን አለመሆኑ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይለያል አለች። ያንዴ ወደ ሶዳ ዞረች፤ ከንፈሯ ላይ ሳቅ ፈለገች። ቢኖር እንዴት በወደደች! ሶዳ አልሳቀችም። ያንዴ በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ አፍራ አታውቅም።

አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ቀኑ የያንዴ ተራ ነው። ከአዟሪ በትንሽ የላስቲክ ከረጢት የታሸገ ውሃ ገዛች፣ ጫፉን እንደ ልማዷ በጥርሷ ቀደደችና ለባሏ ሰጠችው። ምባኒክ ተቀበላት።

ከመጠጣቱ በፊት አሸተተው።