በጥቁሩ ፀጉር ሥር

እህቴ ወንድ ልጅ በወለደች ጊዜ እናታችን ልትታቀፈው እምቢ አለች። ከምንኖርበት ሰፈር ከሮቫ ዳሌት፣ እህቴ ወዳለችበት ሰፈር ወደ ሮቫ ሔት በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ ገንፎ ታገነፋለች፣ ልብስ ታጥባለች፤ ልጁን ግን በሩቁ ነው የምታየው፤ በዚያ የበጋ ሙቀት የክር ጓንት አድርጋ።

ጓንቱ የሚሸፍነውን አውቅ ነበር። ከፋሲካ በኋላ መጀመሪያ የጣቶቿ ጫፍ፣ ቀጥሎ ግራ ክንዷ እንደ ወተት ነጣ። አያሳክክም፣ አይቆስልም። የቆዳ ሐኪሙ “አይተላለፍም” አለ፤ እኔ ከዕብራይስጥ ተረጎምኩላት። እሷ ግን ለምጽን የምታውቀው ከኦሪት ነው፤ ለምጻም ከሰፈር ውጭ ይቀመጣል።

“ሐኪሙ ምን ይበለኝ? ሊያጽናናኝ ነው እንጂ” አለች።

እኔ ያኔ በከተማችን ሰሜን ባለው የኢንዱስትሪ ቀጠና መጋዘን ውስጥ ዕቃ እደረድር ነበር። ኢንተርኔት ቤታችን አልገባም። ከቤተ መጻሕፍት ወፍራም የዕብራይስጥ የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ተውሼ በምሳ ዕረፍት ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ የማላውቀውን ቃል ሁሉ ከመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ አነበብኩ። በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን እያሳደዱ የሚገድሉት ነጭ የደም ሴሎች አንዳንዴ የገዛ አካላቸውን ጠላት ያደርጉታል ይላል። በአንዱ ሰው መገጣጠሚያውን፣ በሌላው ኢንሱሊን የሚሠራውን የቆሽቱን ክፍል ያጠቃሉ፤ በእናቴ ደግሞ የቆዳ ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች። ስንቱ የማይመሳሰል በሽታ አንድ ሥር ኖሮታል! ምሳዬን ሳልበላ ዕረፍቱ አለቀ።

ቤት እንደገባሁ ነገርኳት።

“ዘበኛው የራሱን ቤት ዘረፈ ነው የምትለኝ?”

“አዎ፣ እማ። ከውጭ የገባ ሌባ የለም። ስለዚህ ወደ ልጁ የሚሻገርም የለም።”

“ምን ነክቶት? ጠጥቶ ነው?”

“ለምን እንደሚሳሳት መጽሐፉም በቅጡ አያውቅም።”

“እንግዲያ አንተም አታውቅም” ብላ ጓንቷን ወደ ላይ ሳበች።

ሐኪሙ የብርሃን ሕክምና አዘዘላት። በጤና መድን ድርጅታችን በቁፓት ሆሊም ክሊኒክ፣ ቁም ሣጥን በመሰለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዓይኗን ተሸፍና መብራቶቹ መካከል ትቆማለች። እኔ ውጭ ሆኜ አነባለሁ። አንድ ቀን እዚያው ወንበር ላይ እያለሁ ያነበብኩት ከመቀመጫዬ አስነሳኝ፤ ቀለም ሠሪዎቹ ሁሉ አይሞቱም። በፀጉር ሥር ጠልቀው የሚተርፉ አሉ፤ ብርሃኑ አጥቂዎቹን ሲያበርድ እነዚህ ወደ ላይ ይወጣሉ። በነጣው ቆዳ ላይ የበቀለው ፀጉር ጥቁር ከሆነ ተስፋ አለ።

ስትወጣ ክንዷን ይዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። ነጭ ቆዳ፣ ጥቁር ፀጉር!

“እማ፣ ስሚኝ። በፀጉርሽ ሥር የተደበቁ ቀለም ሠሪዎች ይኖራሉ። ቀለሙ ከተመለሰ እንደ ቁንዶ በርበሬ ነጠብጣብ ሆኖ ነው የሚጀምረው፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ መሐል ፀጉር ይኖራል። የጣትሽ ጫፍ ፀጉር ስለሌለው ላይመለስ ይችላል። እንዳልኩት ከሆነ ልጁን ታቅፊያለሽ?”

“ካልሆነስ?”

“ሁለተኛ ይህን ነገር አላነሣብሽም።”

“እሱስ ለኔም ዕረፍት ነው” አለችና ሳቀች።

በየዓርቡ ክንዷን በማጉያ መነጽር አይ ነበር። ከመጋዘን ያመጣሁትን ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ እላዩ ላይ አድርጌ የነጩን ዳር በእስክሪብቶ እከተላለሁ። ምንም የለም። ልጁ መሳቅ ጀመረ፤ እሷ አሁንም በሩቁ ነች።

ሱኮት፣ የዳስ በዓል፣ እንዳለፈ፣ አንድ ዓርብ፣ ነጩ መሐል ጉድፍ አየሁ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት፤ አልለቀቀም። አጠገቡ ሌላ፣ ወደ ክርኗ ሌላ። እያንዳንዱ መሐል ፀጉር! እንደጮኽኩ ያወቅሁት ጎረቤታችን ግድግዳውን ሲደበድቡ ነው።

እናቴ መነጽሩን ከእጄ ወስዳ ራሷ አየች። “ተደብቀው ነው የከረሙት?” አለች።

“ተደብቀው።”

“ተነሣ። ሰንበት ገብቶ አውቶቡስ ሳይቆም እንሂድ።”

እህቴ በሩን ስትከፍት እናቴ ጓንት ያላጠለቀ እጇን ዘረጋች። እህቴ እጆቿን አየች፣ እኔን አየች፣ ልጁን ሰጠቻት። እኔ መነጽሬን ይዤ ጠጋ አልኩ፤ የሕፃኑን ቆዳ ከእናቴ ክንድ ጋር ማስተያየት አማረኝ።

“ፕሮፌሰር፣ ራቅ በልልኝ!” አለች እህቴ፣ ዓይኗን እየጠረገች። “ልጄ ዕቃ አይደለም!”

ልጁ የእናቴን ነጭ ጣት ጨብጦ ወደ አፉ ወሰደው። ደንግጣ ልትነጥቀው አለችና ወደ እኔ ዞረች።

“እማ፣ አይተላለ—”

“ሰማሁ፣ ሰማሁ” አለች፤ ጣቷንም ተወችለት።