የሰባት በርሜል ዝቃጭ

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴን ፒክአፕ ዘይት ለማስቀየር ወደ ቀብሪበያህ መውጫ ካለ አንድ ጋራዥ ሄደን ተራ ስንጠብቅ፣ አንድ ላንድክሩዘር በገመድ ተጎትቶ ገባ። መካኒኩ ፊልትሮውን ፈትቶ ከውስጡ የወጣውን በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ቀዳና ወደ ፀሐይ አነሳው። ከላይ ናፍጣ፣ ከታች ሦስት ጣት የሚሞላ ድፍርስ ውሃ። ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ኮት የለበሰ ሰውዬ ደግሞ ፊቱ ላይ ጣቱን እየቀሰረ፣ «ናፍጣውን ለማን ሸጠህ ነው ውሃ የሞላህበት?» እያለ ይጮኻል።

ደሜ ፈላ። ሄጄ ሰውዬውን አፌ ላይ የመጣውን ነገርኩት፤ ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም። ባለቤቴ ክንዴን ይዞ ወደ መኪናው መለሰኝና፣ «አንቺን ምን አገባሽ?» አለኝ። እንዴት እንደሚያገባኝ ለባሌም ነግሬው አላውቅም።

የዛሬ ስድስት ሰባት ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ ተወለድኩባት ጅግጅጋ ከተመለስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ለፍየልና ለግመል ክትባት ወደየወረዳው የሚዞር አንድ ድርጅት ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ሦስት መኪኖች፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ አንገቴ ላይ። ቁልፍ ያንጠለጠለ ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር።

ከሾፌሮቹ ትልቁ አዴር ጉሌድ ነበሩ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሰው ናቸው። ያን ሰሞን ማደያዎቹ ደርቀው ስለነበር ናፍጣ በበርሜል ከአንድ ነጋዴ ነበር የምንገዛው፤ ነጋዴው ደግሞ እግዜር ይይለትና ውሃ ይጨምርበታል። ወተት ላይ ውሃ የሚጨምር ሰው ቢያንስ ማንንም በረሃ ላይ አያስቀርም። አዴር ጉሌድ ግን ዘዴ ነበራቸው። በርሜል ሲመጣ አንድ ወገኑን በድንጋይ ከፍ አድርገው ዘንበል ያስደርጉትና አንድ ቀን ሙሉ ማንም እንዳይነካው ያዛሉ። በማግስቱ ከላይ ከላዩ በጎማ እየሳቡ በነጠላ ጨርቅ አጥልለው ይቀዳሉ። የመጨረሻውን አራት ጣት ያህል በፍጹም አይነኩም። ማታ ሲመለሱ የመኪናውን ታንክ ሞልተው ያሳድራሉ፤ የጅግጅጋ ብርድ ባዶ ታንክ ውስጥ ላብ ይሠራል ይላሉ። ጠዋት ደግሞ ሞተር ሳይነሳ ከፊልትሮው ሥር ጥቂት አፍስሰው በጠርሙስ ያያሉ። ሌሎቹ ሾፌሮች ይስቁባቸው ነበር፤ የእሳቸው መኪና ግን መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ ከአዲስ አበባ መጣ። በመጣ በሳምንቱ መመሪያ አወጣ፦ መኪና ታንኩ ተሞልቶ አያድርም፤ ናፍጣ ጠዋት ለጉዞው ልክ ብቻ ይሰጣል፤ አንዱ በርሜል እስከ ጠብታው ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም። ሾፌር ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ነው የተነሳው። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ያኔ ግን እንዴት ያለ ሥርዓት ያለው ሰው መጣልን ብዬ ደስ አለኝ።

ደስ ከማለትም አልፌ እረዳዋለሁ አልኩ። መጋዘኑ ጥግ «ባዶ» ተብለው የተደረደሩ ሰባት በርሜሎች ነበሩ። አንዱን ሳወዛውዘው ውስጡ ተንቦጫረቀ። ሁሉም እንደዚያው። አዴር ጉሌድ የተዉት አራት አራት ጣት መሆኑ ነው። ዘበኛውን ጠርቼ ሰባቱንም ወደ አንድ በርሜል አስገለበጥኩ፤ ከግማሽ በላይ ሞላ። «ሲባክን የነበረ ናፍጣ» ብዬ ለኃላፊው ሪፖርት ጻፍኩ። በሠራተኛ ፊት፣ «ጎበዝ! እንደ ጽጌ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን» አለ። ያን ቀን ምሳ ላይ ባሪሱን፣ ሩዙን ማለቴ ነው፣ በፍየል ሥጋ፣ ሙዙንም ሳይቀር፣ እንደዚያ በደስታ የበላሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። የሰባት በርሜል ዝቃጭ አጠራቅሜ ተሸለምኩ!

በማግስቱ ወደ ሀርሺን ጉዞ ነበር። ጂላል ነው፣ ደረቁ ወቅት፤ አርብቶ አደሩ ፍየሉን ለክትባት ከሩቅ እየነዳ ሀርሺን አጠገብ ተሰብስቧል። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ታሽጎ መኪናው ላይ ወጥቷል። እኔም ለርክክቡ አብሬ ሂያጅ ነኝ። አዴር ጉሌድ ካስገለበጥኩት በርሜል ከሰጠኋቸው ናፍጣ በጠርሙሳቸው ቀድተው ወደ ፀሐይ አነሱት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዓይን አስጠጉት። አባዮ፣ እህቴ፣ ነበር የሚሉኝ።

«አባዮ፣ ይሄ ናፍጣ አላረፈም። ነገ እንሂድ።»

«ሰው እየጠበቀን እኮ ነው፣ አዴር።»

«እንግዲያው ከዚያኛው በርሜል ስጪኝ።»

«ይሄ ሳያልቅ አይከፈትም። መመሪያ ነው።» ከዚያም ሳቅሁ። «ፊልትሮ ታዲያ ለምን ተሠራ?»

ጠርሙሱን ደፍተው መኪናው ውስጥ ገቡ። ያንን ሳቄን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ብችል በጥፊ እመታው ነበር።

ቀብሪበያህ ስንደርስ መኪናዋ ማሳል ጀምራለች። የግመል ወተት ሻይ እየጠጣሁ ሳለ አዴር ጉሌድ ፊልትሮውን አፍስሰው ተመለሱ። ከከተማው ወጥተን ሁለት ጊዜ ቆመን አፈሰስን። በሦስተኛው ሞተሩ አንድ ጊዜ አንኳኳና ዝም አለ። ግራ ቀኝ ቀይ አፈርና እሾህ፣ ነፋሱ አቧራውን ጥርሳችን ውስጥ ይከታል። አዴር ጉሌድ ፊልትሮውን ፈትተው በጣታቸው መሃል አሹት። ኮፈኑን ዘግተው ጃኬታቸውን የበረዶ ሣጥኖቹ ላይ ደረቡ፣ ፀሐይ እንዳይመታቸው። አንድ አይሱዙ ጎትቶ ጅግጅጋ ሲመልሰን በረዶው ውሃ ሆኗል፣ ክትባቱም ተበላሽቷል። ሀርሺን የነበሩት ሰዎች ሁለት ቀን ጠብቀው የተጠሙ ፍየሎቻቸውን እየነዱ ተመለሱ።

የመኪናዋ ፖምፓና ኢንጄክተሮች አልቀዋል ተባለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ስብሰባው ሊጀመር ሲል ኃላፊው ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ፣ «ስለዚያ በርሜል ማንሳት አያስፈልግም፤ ለአንቺም ለእኔም አይበጅም» አለኝ። በርሜሉን ቀደም ብሎ አሳጥቦታል። ያወቀ ሰው ነበር፤ እያወቀ ነው የሰብሳቢው ወንበር ላይ ተቀምጦ አዴር ጉሌድን ናፍጣ ሸጠው ውሃ እንደሞሉ አድርጎ የጠየቃቸው።

«ውሃው ከየት መጣ?»

አዴር ጉሌድ ወደ እኔ አዩ። ኃላፊውም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጽጌ፣ ከመጋዘን የወጣው ምንድን ነው?» አለ።

«በሰነዱ መሠረት ናፍጣ ነው» አልኩ።

ይችን ነው ያልኩት። ቃለ ጉባኤው ላይ ስሜ አለ፣ ፊርማዬም አለ። አዴር ጉሌድ የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ የትኛውም ቢሮ ሾፌር አድርጎ አልቀጠራቸውም። ኃላፊው በዓመቱ እድገት አግኝቶ አዲስ አበባ ተመለሰ። እኔ ሥራውን ለቅቄ፣ አግብቼ፣ ሁለት ልጅ ወልጄ፣ ናፍጣ ቀላቃይ ነጋዴ በተነሳ ቁጥር ከሁሉ በላይ የምናደድ ሰው ሆንኩ።

ከጋራዡ በተመለስን ማግስት ስልካቸውን ለመፈለግ ሾፌሮች ሻይ ወደሚጠጡበት ቤት ሄድኩ። ሻይ ቀጂውን ጉሌድ የሚባሉ ረጅም ሾፌር ታውቃለህ ወይ አልኩት።

«የትኛው ጉሌድ? አ! ጉሌድ ቢዮ! ለምን እንደሱ አትዪም?»

ቢዮ ውሃ ማለት ነው። በዚህ አገር ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፤ አንካሳው፣ ጥርሰ ፍንጭቱ፣ ሁሉም በስሙ ላይ አንድ ነገር ተለጥፎለታል፣ ማንም አይቆጣም። ለምን ቢዮ እንደተባሉ ጠየቅሁት። «ናፍጣ ሸጦ ውሃ የሞላው ነዋ» አለኝ እየሳቀ። አንድም ቀን አይቷቸው አያውቅም። ልጆቻቸውም የቢዮ ልጆች ነው የሚባሉት አለኝ።

ስልካቸውን እዚያው ሻይ ከሚጠጡት ከአንዱ ሾፌር ተቀብዬ ደወልኩ። አዴር ጉሌድ ጉናጋዶ ገጠር ሆነው ነው ስልኩን ያነሱት። ጥቂት ፍየሎች እያረቡ ነው። ስለ እናቴ ጤና ጠየቁ፣ ልጆች ወለድሽ ወይ አሉ፣ ዝናብ እንዳልመጣ ነገሩኝ። እኔ ግን «አዴር፣ ውሃው የእኔ ነበር» አልኩ።

«አውቃለሁ። ጠርሙሱን አብረን አይተን የለ?»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ለምን እሷ ናት የሰጠችኝ አላሉም?»



«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ፣ አባዮ። ስጠብቅሽ ስብሰባው አለቀ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ይኸው ስንት ዓመት በነጋዴው ተናደድኩ፣ በኃላፊው ተናደድኩ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ በማላውቀው ባለ ኮት ላይ ጮኽኩ። ለባሌም በዚያው ማታ ነገርኩት። ለቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ብጽፍ የሚያነበው ሰው የለም፤ ሻይ ቤት የሚወራውን ደግሞ ደብዳቤ አያስቆመውም። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። ጅግጅጋ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ዝቃጩን ያስገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ አልቀዳም ሲሉ አስገድጄ የሰጠኋቸውም እኔ ነኝ። ሰውዬው ጉሌድ ነው የሚባሉት። ጉሌድ ብቻ።