የመጀመሪያዋ ጭረት

ጋሼ ከማሉ ሻይ የሚጠጡት ቆመው ነው። ወንበር ስሰጣቸው "እሺ ልጄ" ይላሉ፤ ከዚያ ብርጭቆውን ወንበሩ ላይ ያስቀምጡና መኪናቸውን ሊዞሩ ይሄዳሉ። በግራ ዞረው ይመጣሉ፣ በቀኝ ዞረው ይመጣሉ። ጎንበስ ብለው ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ በመዳፋቸው ያብሱታል። ሻዩ በረዶ ይሆናል።

"ጋሼ፣ ይቺ መኪና እግር አውጥታ አትሄድብዎ፤ አረፍ ይበሉ እንጂ!" እላቸዋለሁ።

"እግር ባይኖራት ጎማ አላት" ይሉኛል፤ ደግሞ ይዞራሉ።

እኔ ትርፌ እባላለሁ። በበጋ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ከተማ መናኸሪያው ዳር ሻይ እሸጣለሁ። ክረምት ሲገባ ግን ከታናሽ ወንድሜ ከታከለ ጋር ቁረይሻ ወደሚባለው የእርሻ አገር እወርዳለሁ፤ እሱ ሰሊጥ ያርማል፣ እኔ ለአራሚዎቹ ምግብ እሠራለሁ። ጋሼ ከማሉን የማውቃቸው በዚያ መንገድ ሠራተኛ ለመጫን ሲመላለሱ ነው።

የመተማ ሰው ናቸው። ጎልማሳነታቸውን በሙሉ እዚሁ ሱዳን የሰው መኪና ሲነዱ ኖረዋል። የድሮው አሠሪያቸው መኪናው ወደ ግቢ በገባ ቁጥር ዙሪያውን በጣቱ እየዳሰሰ ይዞር ነበር አሉ። አዲስ ጭረት ካገኘ ከደመወዛቸው ይቆርጣል። እሾህ ይቧጭራት፣ ድንጋይ ይምታት፣ አይሰማም። ሰውየው ከሞተ ቆየ። ጣቱ ግን ጋሼ ከማሉ ላይ ቀረች፤ የራሳቸውን ነጭ ቦክሲ የገዙ ቀን መዞሩን እሳቸው ተረከቡት።

ቦክሲ የምንለው ከኋላ ክፍት የሆነውን የጭነት መኪና ነው። በዚህ አገር መንገድ፣ መንገድ ከተባለ፣ አንድ ክረምት ከሠራ በኋላ የማይጎድለው ነገር የለም፤ መስታወቱ በሽቦ ይታሰራል፣ በሩ በገመድ። ሠራተኛውም መኪና የሚመርጠው ጠባሳውን አይቶ ነው። ያልተቧጨረ መኪና ጭቃ ሲያይ የሚመለስ መኪና ነው ይላል። የጋሼ ከማሉን ቦክሲ "ሙሽሪት" ብለው ስም አወጡላት፤ እየሳቁ አልፈዋት በተሰባበረው ላይ ይንጠላጠላሉ። እሳቸው ይበሳጫሉ፣ ይዞራሉ፣ ይወለውላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ኡምሰልማ ሳሙና፣ ስኳርና ሸበጥ ጭነው እርሻ ለእርሻ ስለሚሸጡ ነው ያቺ መኪና ባዶዋን ያልሄደችው።

"ባሌ መኪና ገዝቶ እንቅልፉን ሸጠ" ይላሉ እትዬ ኡምሰልማ። ፊታቸው ላይ ነው የሚሉት፤ ከኋላ ማማት አያውቁም።

አምና በነሐሴ፣ ገና ረፋዱ ላይ፣ ታከለን እባብ ነደፈው። ሰሊጡ ውስጥ አጎንብሶ ሲያርም ቁርጭምጭሚቱን ያዘው። ጓደኞቹ ተሸክመው ሲያመጡት ይስቅ ነበር፤ እኔን ላለማስደንገጥ። ጥቂት ቆይቶ እግሩ አበጠ፣ ከዚያ ድዱ ይደማ ጀመር። ድድ ሲደማ ምን ማለት እንደሆነ በቁረይሻ የማያውቅ የለም። መድኃኒቱ ያለው ሾዋክ ከተማ ነው። በእርሻው ላይ የነበረችው መኪና ደግሞ ሙሽሪት ብቻ ነበረች።

ጋሼ ከማሉ አላንገራገሩም፤ ይህን ልመስክርላቸው። ሳሙናውን አራግፈው ታከለን ፍራሽ ላይ አስተኙት። እኔ ራሱን ጭኔ ላይ ይዤ ከኋላ፣ እትዬ ኡምሰልማ ከፊት። ኮሩ ጋ ስንደርስ ግን ውሃው ሞልቶ ግንድ ይነዳል። ኮር የሚሉት ወራጅ ውሃ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በክረምት ሰው ይበላል። የቀረን መንገድ ትራክተር የሚያልፍበት የጫካ ስንጥቅ ነው፤ ግራና ቀኙ ኪትር የሚሉት እሾህ የተቆላለፈበት።

ጋሼ ከማሉ ጫካው አፍ ላይ መኪናዋን አቆሙ። ወረዱ። ገጀራ አወጡ። ከዚያ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይቆርጡ ጀመር። አንዱን ይቆርጣሉ፣ ጎተት አድርገው ዳር ያስቀምጣሉ፣ ተመልሰው ይገቡና ትንሽ ፈቀቅ ያደርጓታል፤ እንደገና ይወርዳሉ። ጎኗን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። ላባቸው ይንጠፈጠፋል። ክፋት አልነበረም፤ አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ጠላኋቸው። የታከለ ምራቅ ቀሚሴ ላይ ቀልቷል፣ እሳቸው ለቆርቆሮ ይጠነቀቃሉ።

"አንተ ሰውዬ!" አልኩ፤ አንቱታው ጠፋብኝ። "ወንድሜ እየሞተ ነው! ሙሽራህን ትድራለህ እንዴ?"

"እሺ ልጄ፣ እሺ፣ ይቺን ብቻ..." አሉና ደግሞ ገጀራቸውን አነሱ።

ይሄኔ እትዬ ኡምሰልማ በሩን በርግደው ወረዱ። ከመሬት እጅ የሚሞላ ድንጋይ አነሱ፤ የባላቸውን በር አንዴ ጓ! አደረጉት። ከዚያ በድንጋዩ ሹል ከፊተኛው ጎማ እስከ ኋለኛው ድረስ እየገዘገዙ ሄዱ። ድምፁ ጥርስ ያሳክካል።

"ኻላስ! በቃ!" አሉ ድንጋዩን እየወረወሩ። "ሕፃን ሲያምር የሰው ዓይን እንዳይበላው ግንባሩ ላይ ጥላሸት ይቀባል። እኔም ልጅህን ቀባሁልህ። ተጫረች። ከእንግዲህ የምትጠብቀው የለህም። ንዳ!"

ጋሼ ከማሉ በሩን አዩት። እኔ ይመቷቸዋል ብዬ ነበር። ጭረቱን በጣታቸው ጫፍ ጀምረው ግማሹ ድረስ ዳሰሱት፤ ከዚያ ጣታቸው ቆመች። ገጀራውን ወርውረው ገቡ።

እንዴት እንደነዱ አትጠይቁኝ። እሾሁ ከሁለት ጎን ቆርቆሮውን ሲላጠው ጆሮዬን በክንዴ ደፈንኩ። አንደኛው መስታወት ተገንጥሎ ሄደ። የፊት መከላከያው ጉቶ ላይ ቀረ፤ እትዬ ኡምሰልማ ሊነግሯቸው ዞር ሲሉ "አይቼዋለሁ፣ ይቅር" አሏቸው። የጭስ ማውጫው ወልቆ መኪናዋ እንደ ወፍጮ ታጓራለች። በኋላው መስኮት አሾልኬ ሳያቸው ጋሼ ከማሉ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ ትከሻቸው ወርዷል። እኚህን ሰው ረግተው ያየኋቸው ያን ቀን፣ በዚያ ጫካ ውስጥ ብቻ ነው።

ሾዋክ ስንደርስ ታከለ ዓይኑን ገልጦ "እኅቴ፣ ደረስን?" አለኝ። ያለቀስኩት ያኔ ነው። መድኃኒቱ ተገኘ። የቁርጭምጭሚቱ ሥጋ ግን በስብሶ ወደቀ፤ ዛሬም ያነክሳል። ይኑርልኝ፤ ቢያነክስስ።

ጋሼ ከማሉ ከዚህ አባዜ ዳኑ እንዳልላችሁ፣ በሳምንቱ ተመልሰው መዞር ጀመሩ። ጭስ ማውጫውን አስበየዱ፣ መከላከያ አስገጠሙ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ የድንጋዩን ጭረት ሊሞላ ሲል ግን እጁን ያዙት፤ "እሷን አትንካ፤ ጥላሸቷ ናት" አሉት። ሠራተኛው አሁን ሙሽሪት ላይ ለመውጣት ይጋፋል። አዲስ መኪና ያመጣ ሾፌርም እትዬ ኡምሰልማን ፈልጎ "ጥላሸት ይቀቡልኝ" ይላቸዋል፤ እየሳቀም ቢሆን ያስጭራል።

በዚህ ሰሞን የእትዬ ኡምሰልማ የእኅት ልጅ ኢሀብ አዲስ ቦክሲ ገዝቶ መጣ። ክረምቱን በቁረይሻ መስመር ሊሠራ ነው። ሻይ መሸጫዬ አጠገብ አቁሞ በጨርቅ ይወለውላል። ጋሼ ከማሉ ሻያቸውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ዞሯት፤ እንደገና ዞሯት። ከዚያ ድንጋይ አነሱ። በሩ ዘንድ ቀርበው እጃቸውን ከፍ አደረጉ፣ አወረዱት። ደግመው ከፍ አደረጉ፣ አወረዱት።

"ኡምሰልማ! ነይ አንቺ፣ እኔ አልችልም!"

እትዬ ኡምሰልማ መጥተው ድንጋዩን ተቀበሉ፤ ራሳቸው አልመቱም። ዞር ብለው ብርጭቆ ለሚያጥብልኝ ለታከለ ሰጡት። ታከለ እያነከሰ ቀረበ።

"ላ፣ ላ፣ አይሆንም! ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ወላሂ ገና አዲስ ናት" አለ ኢሀብ፣ በሩን በጀርባው ከልሎ። "ደሞ እሱ ምን አገባው?"

ታከለ ጎንበስ ብሎ የሱሪውን እግር ሰበሰበና ቁርጭምጭሚቱን አሳየው። ኢሀብ ጠባሳውን አየው። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አለ።